ለዘይት ጌጅ የተማለ መሐላ

እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ የሚጠራው ሰው ግን የለም። የሠፈሩ ልጅም አዋቂውም፣ የመንጃ ፈቃድ ፈታኞቹም ሳይቀሩ ጋሼ ፍሪሲዮን ይሉታል። መኪና መንዳት ያስተምራል። ከጠዋት እስከ ማታ ጋቢና ተቀምጦ «ፍሪሲዮን! ኧረ ፍሪሲዮን ርገጥ!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል፤ ስሙም ከዚያው ከጩኸቱ ተቆርጦ ተለጠፈበት። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፣ በኋላ ዝም አለ፣ አሁን እንዲያውም በሌላ ስም ብትጠሩት ዞር ብሎም አያያችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የሚመጣው ቁጣ ሁሉ ዕብደት ይመስላችኋል። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው መኪና አይነዳም። ዕድሜውን መኪና ውስጥ ይጨርሳል እንጂ መሪው የሰው ነው። እሱ እግር ሥር ያሉት ተጨማሪ ፍሬንና ፍሪሲዮን ከአደጋ ለመትረፍ እንጂ ለመንዳት አይደሉም። ሌላው ሲያንገጫግጨው፣ ማርሽ ሲያፋጭበት፣ ዳገት ላይ ሞተር ሲያጠፋበት ይውልና ሲመሽ በአውቶቡስ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ጋሼ ፍሪሲዮን ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሱ መሪ፣ በቀኝ እጁ ሙሉ የሚገባ ካምቢዮ፣ ከእግሩ ሥር ሦስት ፔዳል። ደግሞም የተገኘችውን መኪና አይደለም። ባለ አራት በሯን ነው።

ባለ አራት በሯ ከሩቅ ሲያዩዋት ጨዋ የቤተሰብ መኪና ናት። ልጅ ይጫንባታል፣ ሸቀጥ ይጫንባታል። ሲረግጧት ግን ጀርባን ከወንበር ታጣብቃለች። እሷን የሚወዱ ሰዎች በጎሚስታው ቤት፣ በተቆለሉ ጎማዎች መሃል፣ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ጎሚስታው ራሱ አለ፤ እጁ ከጥቁረት የማይጸዳ፣ ሳቁ ከኮምፕሬሰሩ የሚበልጥ ሰው። የጥርስ ሐኪሙ አለ፤ ዶክተር ነው የሚሉት። ጋሼ ፍሪሲዮን አለ። ከሦስቱ አንዳቸውም መኪናዋ አልነበረቻቸውም፤ ፍቅራቸው ግን ባለቤቶቿን ያስንቅ ነበር።

ፋብሪካው በየዓመቱ የመጪውን ሞዴል ያስታውቃል፤ እነሱም በየዓመቱ ይነዳሉ፤ በንዴት ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ስኮርታ ጎማዋን አወጡና በቦታው አረፋ የሚነፋ ጣሳ አስቀመጡ። ለጎሚስታው ይህ ገበያ ነበር፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ ጨሰ። በሌላው ዓመት የእጅ ፍሬኑን ነቅለው እንደ ሊፍት ቁልፍ የሚጫኑት ነገር ተኩ። ቀጥለው ደግሞ ጥሩውን ፍሬን የሚፈልግ ሰው ጣሪያው ላይ ቀለም የሚቀያይረውንም መብራት አብሮ ካልገዛ አያገኝም አሉ። «ጥርሱን ያመመውን ሰው፣ ፀጉርህን ካልተስተካከልክ አልነቅልልህም እንደ ማለት እኮ ነው!» አለ ዶክተሩ። የሚያናድደው መውሰዳቸው ብቻ አይደለም። ከእጅህ መንጭቀው «አሻሻልንልህ» ማለታቸው ነው።

አምና ደግሞ የዘይት ሙቀት ጌጇን አነሡ። ትንሽ፣ ክብ፣ ከዳሽቦርዱ ጫፍ የምትቀመጥ ነገር ናት። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሳይሞቅ ኃይለኛ መኪና አይረገጥም፤ ሞቀ አልሞቀ የምትነግርህ እሷ ናት። አምና ማለት ደግሞ ጋሼ ፍሪሲዮን ሲያጠራቅም የኖረው የሞላለት ዓመት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ራሷ ናት «ግዛትና ገላግለኝ፤ በሕልምህ ማርሽ እየቀየርክ ክንዴን ጨረስከው» ብላ የላከችው።

መሸጫው ውስጥ አንዲት ባለ ማኑዋል ካምቢዮ ቆማ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ። ገባ፤ መሪዋን ጨበጠ። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ካምቢዮውን ገፋ፣ ገባለት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀና ሲል የጌጇ ቦታ በፕላስቲክ ክዳን ተደፍኖ አየ።

«ይህ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ክዳን ነው» አለች ሻጯ። «ደግሞ ማንም አያየውም።»

«እኔ አየዋለሁ!» ብሎ ቱግ አለና በሩን እንደ ከፈተው ትቶት ወጣ።

በቀጥታ ጎሚስታው ቤት ሄደ። ያን ቀን የተናገረውን እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። ብቻ መጨረሻ ላይ ሦስቱም እጃቸውን አዲስ ጎማ ላይ ጭነው ማሉ። «ጌጇ ሳትመለስ የዚያችን መኪና መሪ የጨበጠ፣ እጁ ይሰበር!» ጎሚስታው ጮክ ብሎ ማለ። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገና ማለ። ጋሼ ፍሪሲዮን፣ ነገሩን ያመጣው እሱ ነውና፣ ሁለት እጁን ጭኖ ማለ። ለፋብሪካውም ከስድብ ብዙ ያልራቀ መልእክት ላኩ፤ አንድም እንዳንገዛ ተማምለናል ብለው።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ልትገዛ የሄድከው መኪና ነው ወይስ ጌጅ?»

«አይገባሽም። ለከርሞ ይመልሷታል።»

«በደንብ ገብቶኛል» አለች። «ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

ከርሞ ደረሰ። የዘንድሮው ማስታወቂያ በሚወጣበት ቀን ሦስቱ ተሰበሰቡ። ዶክተሩ በእግሩ መጣ፤ የቀድሞ መኪናውን ሸጦ ከጥቂት ወራት ወዲህ ለጤናዬ ነው እያለ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ጎሚስታው ስልኩን በጥቁር ጣቱ እየገፋ ያነብላቸው ጀመር።

«አዲስ ቀለም... አዲስ ቸርኬ... የዘይት ሙቀት ጌጅ...» ቀና አለ። «ተመልሳለች! ጌጇ ተመልሳለች!»

ጋሼ ፍሪሲዮን ዘሎ ተነሣ። ጎሚስታውን አቀፈው፣ ዶክተሩን ሳመው። «አላልኳችሁም? ጮኽን፣ ሰሙን! ሰው ከጮኸ እኮ ይሰማል!»

ጎሚስታው ግን ወደ ንባቡ ተመልሶ ነበር። ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም።

«ምነው? አንብብ እንጂ!»

«ማኑዋል ካምቢዮ...» አለ ጎሚስታው ቀስ ብሎ፤ «ከዘንድሮ ጀምሮ ቀርቷል። ፈላጊ በመጥፋቱ።»

ኮምፕሬሰሩ ብቻ ያጉተመትማል።

«ፈላጊ በመጥፋቱ?» አለ ጋሼ ፍሪሲዮን። «እኔ ምንድነኝ? ድንጋይ ነኝ? ሰው አይደለሁም? ፈላጊ ይኸውና! ይኸውና ቆሜ!» አጠገቡ የተቆለለውን ጎማ በእርግጫ ሲለው ጎማው ነጥሮ ጉልበቱን መታው፤ ይህም ንዴቱን አባሰው። ፋብሪካውን ከበር ጠባቂው እስከ ባለቤቱ አንድም ሳያስቀር ሰደበ። እኔም ብሆን እሰድብ ነበር። ሰው አንዲት ፔዳል ዕድሜውን ሲጠብቅ ኖሮ «ፈላጊ አጣች» ይባላል?

«ተነሡ፤ መሸጫው ድረስ እንሄዳለን!»

«እኔ እንኳ ሕመምተኛ ይጠብቀኛል» አለ ዶክተሩ።

«ሕመምተኛው ጥርሱን ነክሶ ይጠብቅህ!» ብሎ ጎሚስታው ክንዱን ይዞ ፒካፑ ላይ አስወጣው።

አዲሷ መኪና መሸጫው መሃል በመብራት ተከባ ቆማለች። ጋሼ ፍሪሲዮን ማንንም ሳያናግር ገባባት። ጌጇ አለች፤ ክብ፣ ንጹሕ፣ መርፌዋ ቀይ። ግራ እግሩ እንደ ልማዱ ፍሪሲዮን ፈለገ። ምንጣፍ አገኘ። ደግሞ ፈለገ፤ ምንጣፍ። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ማነው ፈላጊ የለም ያለው? ከዚህ መሸጫ ማነው እንደዚያ ብሎ የተናገረ?»

ሻጯ ያው የአምናው ሰው መሆኑን አወቀች። «ጋሼ፣ እኛ የተሸጠውን ነው የምንናገረው። አምና ወደ እኛ የመጣችው ማኑዋል አንዲት ነበረች። እርስዎ ትተዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቆመች መሰለዎት? ብቻ በስተመጨረሻ...» ዓይኗ በትከሻው በኩል አለፈና ፊቷ በራ። «እንዴ፣ ዶክተር! እንዴት ነዎት? አረንጓዴዋስ፣ ተስማማችዎት?»

ዶክተሩ የሰው ጥርስ ሲነቅል ኖሮ የራሱ የተነቀለ መሰለ።

ጋሼ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ዞረ። «ለጤናዬ ነው ያልከው እርምጃ... መኪናዋን ደብቀህ ነው?»

«ስማኝ...»

«ከሃዲ! በእኔ ፊት እጅህን ጭነህ አልማልክም? የእኔን መኪና! እኔ የተቀመጥኩባትን!»

አሁን ዶክተሩም ጋለ፤ ጥፋተኛ ሰው ሲግል የሚያበርደው የለም። «የአንተ? ትተሃት ሄደህ! ለአንዲት ክዳን ብለህ! ፋብሪካ የሚሰማው የሚገዛን ነው እንጂ የሚጮህን ነው? አንተ ጮህክ፤ አንድም አንገዛም ብለህ ጻፍክላቸው። እነሱም አመኑህ! ሁላችንም ገዝተን ቢሆን ኖሮ ማኑዋሏ ዛሬ ትቀር ነበር?»

«መሐላህስ?»

«በጎማ ላይ የተማለ መሐላ!»

«ጎማውን እንዳትነካ!» አለ ጎሚስታው ከኋላ፤ እሱም ከልቡ ተቆጥቶ ነበር።

ጋሼ ፍሪሲዮንን ያሳረረው ይህ ነው። ሰውየው ከሃዲ ነው፤ ያለው ግን እውነት ነው። ከሃዲን መስደብ ይቻላል፣ እውነቱን ግን ምን ይሉታል? ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ብቻ።

«አንቺም?»

«እኔማ አምና ግዛ ብዬሃለሁ። ተናደድ፤ መብትህ ነው። ግን በማን ላይ እንደምትናደድ ለይ።»

መለየት አቃተው። በማግሥቱ አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ዘመኑ የኦቶማቲክ ነው፤ ይህቺን ሦስተኛዋን ፔዳል ባልማርስ?» ብትለው እስክታለቅስ ድረስ ጮኸባት። ኋላ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ደግሞ ይቅርታ በመጠየቁ ተናደደ።

በዕረፍት ቀን ጠዋት ከመንገዱ መታጠፊያ የማርሽ ማፋጨት ሰማ። ሁለተኛው ማርሽ ያለ ፍሪሲዮን ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ እሱ ተኝቶም ያውቀዋል። በሩን ከፍቶ ወጣ። አረንጓዴዋ እየተንገጫገጨች መጥታ ደጃፉ ላይ ሞተሯ ጠፋ። ዶክተሩ ወረደ። ላብ አጥምቆታል።

«ገደልካት እኮ!» አለ ጋሼ ፍሪሲዮን። ክህደቱን ለጊዜው ረስቶት ነበር። «ምን አድርጋህ ነው?»

«አልቻልኳትም» አለ ዶክተሩ ዓይኑን ሳያነሣ። «ከገዛኋት ወዲህ አልቻልኳትም። ማንን ልጠይቅ? አስተምረኝ ብዬ ወደ አንተ ልምጣ? እንካ፤ ቁልፏ ይኸውና። ዛሬ አንተ ንዳት። በፈለግክ ጊዜ ሁሉ ንዳት።»

ቁልፉን ተቀበለው። ከዶክተሩ እጅ ሙቀት ነበረው። የሾፌሩን በር ከፈተ። ወንበሩ ያው ነው፣ ካምቢዮው ያው ነው፣ ሦስቱም ፔዳሎች አሉ። መሪውን ሊጨብጥ እጁን ሲዘረጋ ክዳኗን አያት። እዚያው አምና በነበረችበት ቦታ ናት። ጌጇ የተመለሰችው ፍሪሲዮን በሌላት መኪና ላይ ነው፤ ወደዚህችኛዋ ለዘላለም አትመለስም። ሁለት እጁን ጎማ ላይ ጭኖ የማለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ግባና ንዳ እንጂ!» አለች ሚስቱ ከመስኮት። «ማን ያይሃል?»

«እኔ አየዋለሁ» አለ።

የተዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ቁልፉን ዶክተሩ መዳፍ ላይ መልሶ ጣለው። በመኪናዋ ፊት ለፊት ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተና ዕድሜውን ሙሉ በተቀመጠበት በኩል ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ።

«ና ግባ» አለው። «አስነሣት።»

ዶክተሩ አስነሣት። ሞተሯ ሲያጓራ ጋሼ ፍሪሲዮን ዓይኑን ጨፈነ። መኪናዋ አንዴ ዘለለች፣ ማርሹ አፋጨ።

«ፍሪሲዮን!» ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። «ፍሪሲዮን ርገጥ፣ አንተ ከሃዲ!»

የራሱ ግራ እግር፣ ምንም በሌለበት ምንጣፍ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ረግጦ ነበር።