ድምፅዋን ልስማ

ባለቤቴ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ስለ መኪናዋ አንስቶ አያውቅም ነበር። ቮልሷ ከግቢያችን ጥግ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ጎማዋ ተኝቶ፣ ቅጠል ለብሳ ቆማለች። ዶሮዎቼ የኋላ ወንበሯን ወርሰውታል። ጠዋት ጠዋት እጄን በመስኮቷ ሰድጄ እንቁላል እለቅማለሁ። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚሰማውን ይሰማል፤ ባጃጁን፣ አዛኑን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል። ዓይኑን የወሰደው ስኳር ነው። መጀመሪያ ቀኙን ወሰደ፣ ቆይቶ ግራውን፤ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ መብራቱን አንድ በአንድ እንደሚያጠፋው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ኩላሊቱንም እንደነካው ነገረን። በባጃጅ ተመለስን። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ጫማውን ሳወልቅለት፣

«አንቺ» አለኝ።

«አቤት።»

«ያቺ መኪና አሁንም አለች?»

«የት ትሄዳለች ብለህ? ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች።»

«ማየቱስ ቀርቷል» አለ። «ድምፅዋን ልስማ። አንድ ጊዜ ያስነሱልኝና ድምፅዋን ሰምቼ ልሂድ።»

ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም።

ድምፅዋ ደግሞ እንደ ሌላ መኪና ድምፅ አልነበረም። ሸቀጥ ጭኖ ሂርና፣ በደሳ፣ ገለምሶ ገበያ ሲመላለስባት ማርሚታዋ፣ የጭስ መውጫዋ ማለቴ ነው፣ ዝጎ ተቀደደ። እሱ ከዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ ቆረጠና በሽቦ ጠፍሮ ለጠፈበት። «ለጊዜው ነው» አለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜ ልክ ይኖር የለ፤ ያ ቆርቆሮ እንደተንቀጫቀጨ ኖረ። ከመናኸሪያው ታጥፎ ዳገቱን ሲጀምር እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጥቼ የግቢውን በር እከፍታለሁ። ጡሩንባ ነፍቶብኝ አያውቅም። የሁለታችን ሰላምታ ይኸው ነበር፤ እሱ ሲያንቀጫቅጭ እኔ እከፍታለሁ። ልጆቻችን «እማዬ በእግሯ ነው የምትሰማው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የተመኘውን ለባለሱቁ ነገርኩት። ባለሱቁ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ጭሮ የወለዱት፣ ከዋናው መንገድ ዳር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ የአሮጌ መኪና ፍቅር ያሳበደው ሰው ነው። የራሱም ቮልስ አለችው፤ ለዒድ ለዒድ ብቻ አውጥቶ ልጆቹን ያንሸራሽርባታል። እሱ ደግሞ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ጓደኛው በጡረታ ያለ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኦሮሞ ነው፣ እኔን «አዮ» ይለኛል፣ እናቴ ማለቱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሰው ነገር አያወሩም። ወሬያቸው ማርሽና ካንዴላ ነው።

ጫታቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከዙሁር ሶላት በኋላ ገቡ።

«ጋሼ፣ አብሽር» አለ ባለሱቁ። «ሞተሯን የያዛት አራት ቡሎን ነው። እናወርዳለን፣ እናጥባለን፣ እንመልሳለን። ኢንሻላህ በሳምንት ውስጥ ታንጎራጉርልዎታለች።»

«ሳምንት? አቦ፣ አንተ ደግሞ አታካብድ» አለ ሹፌሩ። «ለዚች ሳምንት ምን ያደርጋል?»

«እንዳላችሁ» አለ ባለቤቴ። «እኔ መቼም አልቸኩልም፤ የሚቸኩለው ሌላ ነው።»

የእኛን አገር የሥራ አካሄድ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ጠዋት ማንም የለም። ከምሳ በኋላ ማዳበሪያ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይፈታል፣ ዝም ይባላል። ምርቃናው ሲመጣ አፍ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ተራራም ቢሆን ይናዳል። ሰው ቁልፉን አንስቶ መኪናዋ ሥር ይገባና ቡሎን ሲያወልቅ ይውላል። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው «እሱንም እንየው» ይላል። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ፊታቸው ይጨልማል፣ ወሬው ይደርቃል፣ «በሉ ደህና እደሩ» ብለው ይነሳሉ። መግጠም የጠዋት ሥራ ነው። ጠዋት ደግሞ ማንም የለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሞተሯ ወረደ። ከዚያ ፍሬኗ፣ ከዚያ ወንበሮቿ። ጎማዎቿን አውልቀው ድንጋይ ላይ አቆሟት። ቡሎኑ በቲማቲም ጣሳ፣ ትልልቁ ዕቃ በማዳበሪያ ሆነ። ዶሮዎቼም ቤታቸው ፈርሶባቸው ከግንዱ ሥር መጣል ጀመሩ።

እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። ይህን አልክድም። ወንበሩን ከመሃላቸው አድርገንለት፣ የወለቀው ሁሉ በእጁ ያልፋል። እየዳበሰ «ይቺ የቤንዚን ፓምፗ ናት፤ አሰቦት በረሃ ላይ ከነፀሐዩ ጥላኝ ነበር» ይላል። «ይቺ ደግሞ ድሬዳዋ የገዛኋት ናት፤ ያን ቀን ለአንቺ ሻሽ ገዛሁልሽ።» ሻሹን አስታወስኩት። ቢጫ ነበር።

«ጋሼ» አለው ሹፌሩ እየሳቀ፣ «ሚስትዎን እንዲህ ዳብሰዋት ያውቃሉ?»

«እሷ መቼ ቆማልኝ?» አለ። «እግሯ ጭሮ ከሆነ ልቧ ገለምሶ ነው።»

ውሸት አላለም። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። አንዷ ልጄ ሂርና፣ አንዷ ሐረር፤ ሚኒባስ ሲጮህ ከሰማሁ ነጠላዬን አነሳለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ከቤት አልወጣሁም። መኪናዋ እየቀለለች ስትሄድ እሱም እየቀለለ ነበር፤ ከአልጋ ሳነሳው ክንዴ ያውቀዋል።

ያቺ ትንሿ ነሐስ የጠፋችው በዚህ መሃል ነው። ሹፌሩ ካርቡሬተሯን ሲፈታ ከውስጧ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ መሃሏ የተበሳ ነሐስ አወጣ። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው አሉ። በባለቤቴ መዳፍ ላይ አኖሯት፤ በአውራ ጣቱ አንከባለላትና «ይቺን ጠብቋት» ብሎ መለሰላቸው። ሹፌሩም ጠበቃት። ጣሳ ውስጥ ከቡሎኑ ጋር እንዳትቀላቀል ብሎ ጫቱ በመጣበት በኮባ ቅጠል ጠቀለላት፣ በልጥ አሰራት፣ ከጉልበቱ አጠገብ አኖራት።

እንግዲህ በየቀኑ እነሱ ሲነሱ ጎረቤቴ ትመጣለች። ገረባውን፣ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ከነኮባው ጠራርጋ ለፍየሎቿ ትወስዳለች። ያን ቀንም እንደ ወትሮዋ ወሰደች።

በማግስቱ ማዳበሪያው ተገለበጠ፣ ጣሳው ሁሉ ተደፋ።

«የት አደረግካት?» አለ ባለሱቁ።

«በኮባ ጠቀለልኳት። እንዳትጠፋ ብዬ።»

«በኮባ? አንተ ሰው፣ እዚህ አገር በኮባ የተጠቀለለ ነገር የት እንደሚያድር አታውቅም?»

ሹፌሩ ወደ ጎረቤቴ በረት ዞሮ አየ።

«ፍየል ሆድ ውስጥ» አለ ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ፣ ሳቀም። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ጎረቤቴ ጋ ሄደን በረቷን በእንጨት ስናገላብጥ ዋልን። በጠጠሩና በበጠጡ መሃል ነሐስ የለም። እሷ ወገቧን ይዛ ቆማ «ወይ ጉድ፣ መኪናዋን ጨርሳችሁ ፍየሌንም ልትፈቱ ነው?» ትለናለች። ባለሱቁ አዲስ አበባ ደውሎ አስመጣ፤ የመጣችው ወፍራም ሆና አልገባ አለች። የእሱም ቮልስ ሞተሯ ሌላ ዓይነት ስለሆነ የእሷ አትሆንም። ሹፌሩ በሐፍረት ሁለት ቀን ቀረ፤ ሲመጣም ጫት አልያዘም፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ።

ባለቤቴ በረንዳ መውጣት ያቆመው በዚያ ሰሞን ነው። ጠዋት ጠዋት «ተገጠመች?» ይለኛል። «እየገጠሟት ነው» እለዋለሁ።

መቼም እግር ያለኝ እኔ ነኝ። ካርቡሬተሯን በፌስታል ይዤ፣ ከሐረር የመጣችውን ልጄን አልጋው አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። ሂርና ሄጄ ባዶዬን ተመለስኩ። ገለምሶ ግን አንዲት ሴት አለች፣ ባሏ እንደ እኔው ባል በቮልስ ይነግድ የነበረ፣ ተባልኩ። ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ የእኛይቱ እህት የመሰለች መኪና በቆሎ ተሞልታ ቆማለች። ሴትዮዋ ከል ለብሳለች፤ የቆየ፣ በእጥበት የነጣ ከል። የመጣሁበትን ስነግራት ብዙ አልጠየቀችኝም። ከጋራዥ አንድ ሰው አስጠርታ ነሐሷን አስፈታችልኝ።

«ውሰጃት» አለችኝ። «የእኔዋ ብትነሳ ማን ይሰማልኛል።»

የሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። ሴትዮዋ በሯ ድረስ ሸኝታኝ፣ «እዚህ አትደሪ፣ ቶሎ ሂጂ» አለችኝ።

ሚኒባሱ በደሳን ሲያልፍ ባለሱቁ ደወለ።

«እማማ፣ የት ደረሱ?»

«በደሳን አለፍን። አግኝቻታለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ጋሼ ትንሽ ደክመዋል። ይበርቱና ይምጡ።»

ትንሽ ደክመዋል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን አላየሁትም።

ስገባ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ለእሱ ለውጥ የለውም እንጂ። ነሐሷን ፈትቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ አብጠው ነበር፤ ሊያንከባልላት ሞከረ፣ አልለያትም።

«ምንድን ናት?»

«የመኪናዋ ናት። ያቺ ፍየል የበላቻት።»

«ተገጠመች?»

እኔ ሳልመልስ ባለሱቁ ከበሩ ላይ «እየገጠምናት ነው ጋሼ» አለ። ከመዳፉ አንስቷት ወጣ። ሹፌሩም ተከተለው። ሞተሯ መሬት ላይ ተዘርግታ፣ ግማሿ በማዳበሪያ፣ ግማሿ በጣሳ ነበረች፤ በዚያ ቀን ቀርቶ በዚያ ሳምንትም የምትነሳ አልነበረችም። ግን ከመስኮቱ ሥር የቁልፍ ድምፅ መጣ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በመጋረጃው አጮልቄ አየሁ። ሹፌሩ በቁልፉ ባዶውን የሞተር ብረት ይመታል። ባለሱቁ አጠገቡ ቆሞ በእጁ ፊቱን ሸፍኗል። እንዲሰማ ብለው ነው።

ባለቤቴ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ። «ጎበዞች» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ።

የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበት መኪናዋ የቆመችበት ብቻ ነው። የዕድሩ ዳኛ «ትገፋ» አለ። «በምን ጎማ?» አለው ሌላው። ተያዩና ድንኳኑን መኪናዋ ላይ ተከሉት። ለቀስተኛው ዙሪያዋን ተቀመጠ። ቦታ ያጣ ተደገፋት። ዳቦውንና ንፍሮውን የያዘውን ሰፌድ ግንባሯ ላይ አኖሩት። ከሂርና የመጡ ሰዎች «ይቺ ምንድን ናት?» ብለው በሹክሹክታ ሲጠይቁ እሰማለሁ። እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። መብራቶቿ ወልቀው ሁለት ጉድጓድ ሆነው ያዩኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ። ባለሱቁና ሹፌሩ ከድንኳኑ አልገቡም፤ ከደጅ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሦስቱንም ቀን ተቀመጡ። ግቡ ብላቸው አቀርቅረው ቀሩ።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ጠዋት ነው፤ ገና ፀሐይ አልሞቀም። ከፈትኩ። ሁለቱ ናቸው። ጫት የላቸውም።

«አካም ቡልታኒ፣ አዮ» አለ ሹፌሩ፣ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። «ካልከፋዎ ልንጨርሳት ነው።»

ምን እላለሁ? ግቡ አልኳቸው። በየጠዋቱ መጡ። አያወሩም፤ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው የሚፈልገውን ቁልፍ ያቀብለዋል። ቀትር ሲሆን ይሄዳሉ። በጠዋት እንዲህ መሥራት ይችሉ ኖሯል። ይህን አሰብኩ፤ እነሱም ሳያስቡት የቀሩ አይመስለኝም።

ሲጨርሱ ባለሱቁ አንድ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ አሳየኝ። «የቀድሞው አይሆንም፣ ቀዳዳ ነው» አለ። «ይህን ከእኔዋ ላይ አውልቄ በብየዳ አስተካከልኩት። የእኔዋ ትቁም፣ ለዒድ በባጃጅ እንሄዳለን። ለጋሼ ይሁን።» የዘይት ቆርቆሮው ቁራጭ ከነሽቦው ከዛፉ ሥር ተጥሏል። አነሳሁትና የት እንደማኖረው ስላላወቅኩ ጓዳ ይዤው ገባሁ።

ጓዳ የገባሁት እግሬን ፈርቼ ነው። ድምፅዋን ሰምቶ በራሱ ወደ በሩ ይሮጥብኛል ብዬ። ሞተሯ አንድ ሁለቴ ሳለች፤ ከዚያ ተነሳች። ለስላሳ፣ የታጠበ ድምፅ። መንቀጫቀጭ የለው፣ ምን የለው። እግሬ የቆመበት ቆመ። እሱ በሕይወት ኖሮ ያን ድምፅ ቢሰማ «ማን እንግዳ መጣ?» ይለኝ ነበር፤ እኔም ምን እንደምለው አላውቅም።

«ሰሙ እማማ?» አለ ባለሱቁ ከደጅ።

«ሰማሁ።»

«እንደ አዲስ አይደለችም?»

«እንደ አዲስ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እስከ መናኸሪያው ወርደን እንሞክራታለን» አሉና ወጡ። ቆርቆሮውን እንደያዝኩ ጓዳ ቆምኩ፤ ዳገቱን ሲጀምሩ እንድሰማ። ብዙ አዳመጥኩ። ባጃጅ አለፈ፣ ሚኒባስ አለፈ። እነሱ መቼ እንደታጠፉ፣ መቼ እንደወጡ አላወቅኩም። በመጨረሻ ከበሩ ደጅ ቆመው ጡሩንባ ነፉ። ሳልወጣ ስቀር ደገሙት። ያን ጊዜ ሄጄ ከፈትኩላቸው።