ከስክሪኑ ጥግ ብቅ ያለው መልእክት

እህቴ ሰይዳ ቡራዩ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። እኔ ራቢአ ከጎኗ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ስለ እሷ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያናግረኝ። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ደንበኛው ሁሉ የሚታተምለትን ነገር በቴሌግራም ነው የሚልክላት። ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዙራ ታስቀምጠዋለች፤ ውል የሚያስጽፍ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ የስሙን ፊደል እያየ ያሳርማል። መልእክት ሲገባ ኮምፒውተሩ ቅጭል ይልና ከስክሪኑ ጥግ ከነጽሑፉ ብቅ ያደርገዋል።

«ይሄን ነገር አጥፊው፤ የሰው ገመና ነው» ስላት ኖሬአለሁ።

«ደንበኛው ‹ደረሰልሽ?› እያለ ሲያደርቀኝ ከሚውል ራሱ አይቶ ዝም ይበል» ትለኛለች። ግትር ናት።

የሰፈራችን ልጅ ቢታንያ ባሏን ሸሽታ ከጠፋች ሰንብታለች። ባሏ እዮብ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ክንዷን ሰብሯል፤ ጥርሷን አውልቋል። «ያለችበትን ባውቅ እገድላታለሁ» እያለ በየሻይ ቤቱ ይዝት ነበር። እንደማይቀልድ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እዮብ ሚኒባሱን ሊያከራይ ውል ለማስጻፍ መጣ። ሰይዳ ፊቱን ማየት ባትፈልግም ሥራ ነው ብላ አስቀመጠችው። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ግማሹን እንደጻፈች የቢታንያ መልእክት ከስክሪኑ ጥግ ብቅ አለ።

«ሰይዱዬ፣ የፍቺ ማመልከቻዬን አትመሽ በሰው ላኪልኝ። ሱሉልታ ነኝ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ቢጫው በር።»

ልትዘጋው ማውሱን አንቀሳቀሰች። እሱ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንብቦ ጨርሷል።

ቁልፉን ቀድማው አነሳችና ከከባዱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጀርባ ወረወረችው። በቡጢ ሲላት አፍንጫዋ ተሰበረ። ስቴፕለሩን አንስታ ግንባሩን ፈነከተችው። ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከማሽኑ መስታወት ጋር አላተመው፤ መስታወቱ ግራ ዓይኗ ሥር ተሰባበረ። ጩኸት ሰምቼ ስገባ መሬት ላይ ወድቃ እግሩን ታቅፋለች፤ ባቱን ነክሳ አለቅም ብላለች። እሱ በሌላኛው እግሩ ጎኗን ይረግጣታል። የመጥረጊያውን እንጨት ጀርባው ላይ ሰበርኩት። ጭንቅላቱን ብሰብረው ደስ ይለኝ ነበር። በክርኑ ደረቴን መትቶ ጣለኝና ወጥቶ በሌላ መኪና በረረ።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ከወፍጮ ቤታቸው እየሮጡ መጡ። «ሰይዳ፣ ማል ታቴ? ምን አደረገሽ?» እያሉ ሊያነሷት ጎንበስ አሉ።

«እኔን ይተዉኝ ኦቦ» አለች፣ ደም እየተፋች። «ራቢአ፣ ደውዪላት። ከዚያ ቤት ትውጣ።»

ደወልኩላት፤ ወዲያው ለፖሊስም ደወልኩ። ቢታንያ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ወጣች። እዮብ ደርሶ ቢጫውን በር ገነጠለው፤ ባዶ አልጋዋን በመጥረቢያ ሲከተክት ፖሊስ ያዘው።

ሰይዳን ሆስፒታል አስተኝቼ ስመለስ በደም በተለወሰው ማውስ የቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ፤ ብቅ የሚለውን ጽሑፍም ድምፁንም አጠፋሁ። ሁለት ሦስት ቦታ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ባሰብኝ።

የሰይዳ ግራ ዓይን አልተረፈም። እዮብ በዋስ ወጣ።

እሱ በወጣ ሳምንት ቢታንያ ተሸፋፍና ልትጠይቃት ቤት መጣች። ሰይዳ ይቅርታ ልትጠይቃት ጀምራ አልሆነላትም፤ ቢታንያም እንድትጨርስ አልጠበቀችም፤ አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን የተከራየሁት…» ብላ ስትጀምር ሰይዳ መዳፏን አፏ ላይ ጫነችባት።

«ለእኔ አትንገሪኝ» አለቻት።