አንድ ቅል ብርዝ

ከበራችን ውጭ፣ አጥሩ ላይ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ዝገት የበላው ጣሳ ነበር። ከሰል ተሸክመው ለሚመጡት ሴቶች ውኃ የሚሰጠው በእሱ ብቻ ነው። ጫካው ዳር ነው የሚኖሩት፤ የጎሳቸውን ስም ስድብ ስላደረግነው እዚህ አልጽፈውም። ቦንጋ ውስጥ ብዙ ሰው አብሯቸው አይበላም፣ አይጠጣም፣ ቤቱም አያስገባቸውም። አማቴማ፣ የባሌ እናት፣ ከሁሉም የባሱ ናቸው።

እኚሁ አማቴ ናቸው እንግዲህ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የሚዘምሩት! የሰፈራችን ኳየር ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙ ባለሱቅም አለ። የሴት ልጅ ጠለፋ ይቁም፣ ድሃው ፍትሕ ያግኝ እያልን በየገበያው እንዘምራለን። አማቴ የተቀባዮቹ መሪ ናቸው፤ እሳቸው ካልጀመሩ ማንም አይቀበልም። መድረክ ልንወጣ ስንል እሳቸው የበጠበጡት የማር ብርዝ በአንድ ቅል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ድምፅ ያስማማል ይባላል።

መዝሙሩን የምታወርድልን ሴት ወልዳ ስትቀር፣ የኳየሩ መሪ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከከሰል ሻጮቹ አንዷን ይዘው መጡ። እንደ እሷ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አማቴ አኮረፉ፤ ግን አልቀሩም። በልምምድ ጊዜ ብርዝ ስለሌለ ነገሩ ተሸፋፍኖ ቆየ።

ስለ ሰብአዊ መብት በተዘጋጀው ፕሮግራም ላይ፣ ከመድረኩ ጀርባ ተሰብስበን ሳለ፣ መምህሩ የፕላስቲክ ኩባያ ማደል ጀመሩ።

«ለጤናም ጥሩ ነው፤ ዛሬ በየራሳችን እንጠጣ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁሉም ኩባያውን ተቀበለ። እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«ጋሼ፣ ገበያ ላይ ስትዘምሩ ዳር ቆሜ አይ ነበር። በአንድ ቅል ነበር የምትቀባበሉት።»

መምህሩ የቀሩትን ኩባያዎች መቁጠር ያዙ።

«ቅሉ ከሌለ እኔም የለሁም» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «እውነቷን ነው! ቅሉ የት ሄደ?» ብዬ ጮኽኩ። ከአማቴ ቅርጫት ውስጥ አገኘሁት። ሞልቼ ሰጠኋት። ጠጣችና፣ በሁለት እጇ ይዛ ቀጥሎ ለቆመው ሰው ዘረጋችው። ቀጥሎ የቆሙት አማቴ ነበሩ።

ተቀበሉ፤ ወደ አፋቸው ግን አላስጠጉትም። በዚያው በድምፅ ማጉያ ተጠራን። ቅሉን እንደያዙ መድረክ ወጡ። ሕዝብ ፊት ይደፉት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡት የገዛ ዘመዶቻቸው ናቸው።

እሷ መዝሙሩን አወረደች። የአማቴ ተራ ደረሰ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። እሷ ዞራ አየቻቸውና ያንኑ ስንኝ ደገመችው። አሁንም ምንም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በዚያች ሰዓት አማቴን ጠላኋቸው፤ አዘንኩላቸውም። ጥለው ቢወርዱ እሷ ዳግመኛ ከማንም ጋር አትዘምርም፤ እኛም ስለ እኩልነት የምንከፍተው አፍ አይኖረንም።

አማቴ ቅሉን አዩት። ዘመዶቻቸውን አዩ። ከዚያ አንሥተው ጠጡ፤ ግጥም አድርገው።

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ከአዳራሹ ወጡ። አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉና መዝሙሩን ተቀበሉ። እኛም ተከተልን፤ እኔ እያለቀስኩ ስለነበር ዜማውን አበላሸሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አላስችል ሲለኝ «እትዬ፣ ዛሬ እኮ...» ስል አላስጨረሱኝም።

«ጉሮሮዬ ደርቆ ነው! ምን ታይኛለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ምስማሩ ባዶ ነው። ጣሳው ግቢው መሐል ተቀምጦ ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበታል። አማቴ ደጁን እየጠረጉ ነበር።

«እትዬ፣ ከሰል ይዛ ስትመጣ በምን ልትጠጣ ነው?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ «ቤት ውስጥ ብርጭቆ ጠፋ?» አሉኝ።