አጉሊ እና የድምፃዊው ፊርማ

ሰፈርተኛው «አጉሊ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሟ ጠፍቶት አይደለም። አጉሊ መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ነው፤ ገበያ ስትሄድም አታወልቀውም። ባሏ ሾፌር ነው፣ ተረበኛ ቢጤ። «እኔንም በዚያ መነጽር አይታኝ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ወንደላጤ ነበርኩ» ይላል። እሷ ፈገግ ትላለች። ዓይነ አፋር ናት። ሰው ፊት ሦስት ቃል ከተናገረች ያን ቀን ጉድ ተባለ ማለት ነው።

ሥራዋ ፊርማ መሸጥ ነው። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ደንገጥ ይላል፤ ማኅተም የምታስመስል፣ ሰነድ የምታጭበረብር ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ኳስ ተጫዋች በፎቶው ላይ፣ በማልያው ላይ፣ በትኬት ጀርባ ላይ የፈረመውን ትገዛና ትመረምረዋለች። ከዚያ በኢንተርኔት ለጨረታ ታወጣዋለች። የወደደ ዋጋ ይሰጣል፣ የባሰ የወደደ ይጨምርበታል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ከሁሉ በላይ የሰጠው ይወስደዋል። ሰው ለሌላ ሰው ስም ይህን ያህል ይከፍላል ወይ አትበሉኝ፤ ይከፍላል።

ወደዚህ ሥራ የገባችው ከፎቶ ቤት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ስታጥብ ኖራለች። የትኛው ወረቀት በፀሐይ እንደሚገረጣ፣ የትኛው ቀለም ቡናማ እንደሚሆን፣ እዚያ ነው የለመደችው። በኋላ ሁሉም በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ባለቤቱ የሚከፍላት ገንዘብ ስላጠረው ወሳጅ ያጣ ፎቶ የታጨቀበት ካርቶን ሰጣት። ካርቶኑ ውስጥ ተዋናዮች የፈረሙባቸው ፎቶዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን ጨረታ ስታወጣ ፈርታ ባሏ ነው ቁልፉን የተጫነላት።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ስር ነው። የአንድ ሰው ሁለት ፊርማ ታገኝና በመስታወቱ ላይ ደራርባ በብርሃን ታያቸዋለች። ሁለቱ ልክክ ካሉ አንዱ ውሸት ነው። ባሏ መጀመሪያ ይህ አልገባውም ነበር።

«ልክክ ካሉማ እውነት ነው እንጂ!»

«አይደለም» አለችው። «ሰው አንድ ቀን ተቸኩሎ ይፈርማል፣ አንድ ቀን ጠግቦ፣ አንድ ቀን ሚስቱ ተቆጥታው። እጁ እንዴት አንድ ይሆናል?»

ደግሞም የራሱን ስም የሚጽፍ ሰው ይሮጣል። የሌላውን ስም የሚጽፍ ግን ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው እግሩን እያየ ነው የሚራመደው፤ መስመሩ ላይ ያስታውቃል። ከተጠራጠረች አትሸጥም፣ በቃ። ከእሷ ገዝቶ ዕቃ የመለሰ ሰው የለም። የገዢዎች አስተያየት የሚጻፍበትን ገጽ አንዳንዴ ብቻዋን ከፍታ ታየዋለች። ለማንም አላሳየችም እንጂ በሕይወቷ የኮራችበት ነገር እሱ ነው።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሱቃቸው የመንገዱ ማጠፊያ ላይ፣ ከቲያትር አዳራሹ ጀርባ ነው፤ በፔዳል ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ደግሞ ፎቶ የሞላበት ግድግዳ። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ተላጭቶ ነበር የሚወጣው። ፊርማ የሚያስፈርሙበት ዘዴ ነበራቸው። ግማሽ ጢሙን ይላጩታል፣ ከዚያ ምላጩን ያስቀምጡና ፎቶና እስክሪብቶ ያመጣሉ።

«ግማሽ ጢም ይዞ የሚሄድ የለም» ይላሉ።

ግድግዳው መሃል ላይ የተሰቀለው የድምፃዊው ፎቶ ነበር። ድምፃዊው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሞተ ወዲህ ፊርማው እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው። እንግዲህ አባቷ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ ቆሞ መላጨት ሲያቅታቸው፣ ሱቁን ለመዝጋት ወሰኑ። ልጃቸውንም አስጠሩ።

«ያንን አውርጂና ለጨረታ አውጪልኝ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ድምፃዊው እየጠቆሙ።

«አባባ፣ እሱንማ እንዴት ይሸጡታል?»

«እዚህ ማን አየው? ጢም ሊላጭ የመጣ ሁሉ። ዓለም ይየው እንጂ። እዚህ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ይወቁ። በልጄ እጅ ይሂድ።»

ይሄ ቃል ልቧ ውስጥ ገባ። አባቷ ፊርማ መሸጥን እንደ ሥራ ቆጥረውላት አያውቁም ነበር። ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣች፣ ስካን አደረገች፣ እንደ ደንቡ ለመርማሪው ላከች። መርማሪው የጨረታው ድርጅት ቀጥሮ የሚያሠራው ሰው ነው፤ ፊርማ ከፊርማ አስተያይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለዚህኛውም «ትክክለኛ ነው» ብሎ ሰጠ። እሷ ግን፣ የማንንም ፊርማ መስኮት ላይ የምትለጥፈው ሴት፣ ይህንን አልለጠፈችውም። የአባቷ ነዋ። የአባቷን ፎቶ ምን ብላ ትመርምር?

ጨረታው ተከፈተ። ዋጋው እንደ ጉድ ወጣ። በሦስተኛው ቀን የአባቷ ጓደኞች ሱቁ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ አጉሊ ስልኳን ይዛ መሃላቸው ቆማ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ያያሉ። ከጓደኞቻቸው አንዱ ጫማ ሰፊ ናቸው፤ ከአባቷ ጋር ካልተጎነታተሉ ቀኑ አይመሽላቸውም።

«ይህን ሁሉ ለወረቀት?» አሉ ጫማ ሰፊው። «የተላጨው ጢምም አብሮ አለ እንዴ?»

«ለአንተ ጫማ እንኳን ዓለም፣ ባለጫማውም አይመጣ» አሉ አባቷ።

ጫማ ሰፊው ስልኩ ላይ አጎነበሱ። «ግን ንገረኝ፣ የኔ የሠርግ ፎቶ እንኳ ገርጥቶ ሙሽራዋ ጠፍታለች። የዚህ ሰውዬ ፊርማ ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስለው።»

አባቷ ደረታቸውን ነፉ። «የአንተና የኔ ቤት አንድ ነው? ፀሐይ እንዲበላው ዝም እላለሁ? በየዓመቱ ወንበሩን ቀለም ስቀባ እሱንም አድሰዋለሁ። እላዩ ላይ ቀስ ብዬ በጥቁር እስክሪብቶ እሄድበታለሁ። ምላጭ የያዘ እጅ ነው፤ ውልፍት አይልም።»

ሽማግሌዎቹ «አበጀህ» አሉ። አጉሊ እጅ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ሌላ ሰው ዋጋ ጨምሮ ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ቆማ፣ ተሰናብታ ሄደች።

እቤት ገብታ ፎቶውን መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። አየችው። ከጥቁሩ ቀለም ጠርዝ ስር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ ቀለም ይታያል። ድምፃዊው ከታች፣ አባቷ ከላይ። መስመሩ እንደ አስመሳይ አይንፏቀቅም፣ ይሮጣል፤ በየዓመቱ ሲመላለሱበት እጃቸው መንገዱን ለምዶታል። ሰው እውነተኛ ፊርማ የሚገዛው ያ ሰው ራሱ የነካውን ቀለም ላግኝ ብሎ ነው። ይህኛው ከሥሩ እውነተኛ ነው፣ የሚታየው ግን የፀጉር አስተካካይ ነው።

ባሏ ከሥራ ሲገባ ነገረችው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው።

«የምስክር ወረቀት በእጅሽ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መርማሪው አላየውም፣ አንቺም ስታወጪው አላየሽውም። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አቋርጪው እንግዲህ።»

«ካቋረጥኩት አባባ ጓደኞቻቸው ፊት ይዋረዳሉ። ዓለም ይየው ብለው ነው የሰጡኝ። ካላቋረጥኩት ደግሞ ከእንግዲህ ማንን መርምሬ ምን እላለሁ?»

ባሏ ኮቱን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። ለካ ተረብ የማያወጣለት ነገርም አለ።

በማግስቱ፣ አግዳሚው ሰው ሳይዝ፣ ሱቁ ሄደች። አባቷ ምላጮቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። የምትናገረውን መንገድ ላይ ስታጠናው መጥታ ነበር፤ ስትደርስ ግን ሁሉም ጠፋባት።

«አባባ፣ ፊርማው ላይ የሄዱበት ነገር…»

«እ?»

«ልክ አይደለም። እንደዚያ ሆኖ አይሸጥም።»

አባቷ እጃቸው ቆመ። «ሌባ ልትይኝ ነው?»

«ኧረ አባባ።»

«እኔ እኮ ሰውየው እንዳይጠፋ ነው ያቆየሁት። ዓይኔ እያየ የፈረመው ነው። ምን ሰረቅሁ?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፎቶው የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ቀለሙ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል።

አጉሊ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «አባባ፣ ደንበኛ በምላጭ ሲቆርጡ ምን ያደርጉ ነበር?» አለች።

«እኔ? እኔ ደንበኛ ቆርጬ አላውቅም።»

«አባባ።»

«እሺ፣ አንዳንዴ። ሰው ያስነጥሳል።»

«ያኔ ምን ያደርጉ ነበር?»

አባቷ ምላጩን ጨርቁ ላይ አስቀመጡ። «ቆርጬሃለሁ እለዋለሁ። የእጅ መስታወቱንም ራሴ አቀብለዋለሁ።»

«ለምን? አላወቀ እንደሆነ?»

«ቤቱ ገብቶ ከሚያየው እኔው ፊት ቢያየው ይሻላላ። ተመልሶ የሚመጣው እንደዚያ ያደረግሁለት ሰው ነው።» ይህን ብለው የገዛ ቃላቸውን ራሳቸው ሰሙት። ኋላም ምላጩን መጠቅለል ጀመሩ። «አቋርጪው እንግዲህ» አሉ። «አባቴ አጭበረበረ ብለሽ ግን እንዳትጽፊ።»

«አልጽፍም። አብረን እንጽፈው።»

አብረው ጻፉት። እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ታሳጥራለች። ድምፃዊው ስለለበሰው ሱፍ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ሰጣቸው ጉርሻ ሁሉ ይጻፍ አሉ፤ «ረዘመ አባባ» እያለች ቆረጠችው። መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ «ይህን ፎቶ ድምፃዊው ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፈርሞበታል። ፀጉር አስተካካዩ አባቴ ናቸው፣ ቆመው አይተዋል። እንዳይደበዝዝ ብለው በየዓመቱ በእስክሪብቶ ሄደውበታል። አሁን ከላይ የሚታየው ቀለም የእሳቸው ነው። ሳልመረምር ያወጣሁት እኔ ነኝ። የቀድሞው ጨረታ ተሰርዟል።»

«እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም፣ ብለሽ ጨምሪ» አሉ።

«አባባ!»

«ውሸት ነው?»

ጨመረችው።

ተጫራቾቹ ሄዱ። ከላይ የነበረው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ፤ ሌላው ጊዜዬን ገደልሽው ብሎ ተሳደበ። የስድቡ ቀን እራት አልበላችም። መርማሪው ግን፣ እሷ ሁሉን ጽፋለት ስለነበር፣ አጭር መልእክት ላከ፦ ስካኑ ላይ የቀለሙ መደራረብ እንዳልታየው፣ የምስክር ወረቀቱን እንደሰረዘ፣ የምስክር ወረቀት በእጁ ይዞ «ሰርዝልኝ» ያለው ሻጭ እሷ የመጀመሪያዋ እንደሆነች ጻፈላት። ፎቶው እንደገና ሲወጣ ከጥሩ ፍሬም በማይበልጥ ዋጋ ተሸጠ። የገዛው ሰው ምንም አልጠየቀም፣ ምንም አልመለሰም።

አጉሊ የፈራችው አግዳሚውን ነበር። ገንዘቡን ለአባቷ ልታደርስ ስትሄድ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ጫማ ሰፊው ከሩቅ ሲናገሩ ሰማች።

«እህሳ፣ ዓለም አየው ወይ?»

በሩ ጥግ ቆመች።

«ልጄ አቋረጠችው» አሉ አባቷ።

«ለምን?»

«እኔ ስለነካካሁት። እውነት ነው የሚል ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጇ ይዛ፣ አይሆንም ብላ አቋረጠችው። አንተ ብትሆን ታደርገዋለህ?»

ጫማ ሰፊው አሰቡ። «እኔ የፎርጅድ ሶል ጫማ እንኳ ሸጬ አውቃለሁ።»

«ያው ነው። እሷ ግን የኔ ልጅ ናት።» ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው አወሩት፤ ወረቀቱ ላይ የነበረው ማኅተም ሁለት ሆነ፣ ተጫራቾቹም በዙ። አጉሊ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ሳትገባ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ብቻዋን ፈገግ እያለች ሄደች።

ሱቁ በተዘጋ ሳምንት አባቷ የቀሩትን ፎቶዎች በካርቶን ይዘው እቤቷ መጡ። መስኮቱ ስር አጠገቧ ወንበር ሳቡ። አሁን አንድ አንዱን እያነሱ፣ ሳትጠይቃቸው ይነግሯታል።

«ይሄ የኳስ በረኛው ነው፣ አልነካሁትም። ይሄ የተዋናይቷ ነው፣ እሱንም አልነካሁት፣ እሷን እፈራት ነበር። ይሄኛው ላይ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ጭረት የኔ ናት።» ጠጋ አሉ። «ከባለፊርማው የኔዋ አታምርም?»

አጉሊ አጎንብሳ አየች። እውነትም ቀጥ ያለች፣ ያማረች ጭረት ነበረች።

«ታምራለች አባባ» አለችና የመነሻ ዋጋውን ቀንሳ ጻፈች።