በረኪና ያነጣቻት ኮራል

የሥራ ባልደረቦቿ «በረኪና» ይሏታል። በትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላና ፎጣ ስታነጣ የኖረች ሴት ናት። ሰው ቤት ገብታ እንኳ ወሬው ሳያልቅ ዓይኗ የመጋረጃው እድፍ ላይ ያርፋል። ስሙን አልጠላችውም፤ ሰው በሙያው ቢጠራ ምን ነውር አለው?

የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሲታደስ ትልቁ የዓሣ ገንዳ ተነሣ። ገንዳውን ይንከባከቡ የነበሩት ሽማግሌ በየቀኑ የፎጣ ጋሪዋን አቁማ ስትመለከት ያውቋት ስለነበር፣ ሲሰናበቱ አንዲት ትንሽ የመስታወት ገንዳ ከነመብራቷ አስታቀፏት። ውስጧ ከባሕር የመጣች፣ ጣት የምታህል ቡናማ ኮራል ነበረች።

«ድንጋይ እንዳትመስልሽ» አሏት፤ «እንስሳ ናት።»

ሳሎኗ ጥግ አኖረቻት። የውሃውን ጨው ጠዋት ማታ ትለካለች፤ የተነነውን ትተካለች። መምህርቷ ልጇ ግን ትስቅባታለች። «ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኛ እናት ደግሞ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ከታ ትቀልባለች።»

አንድ ማለዳ መብራቱ ሳይበራ፣ የልብስ እድፍ የምትለይበትን አጉሊ መነጽር ይዛ ወደ ገንዳዋ ተጠጋች። ያ ድንጋይ ላዩ ሁሉ አፍ ነበር። ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ አፎች፣ በእያንዳንዱ ዙሪያ ደግሞ የሚወዛወዙ ቀጫጭን ጣቶች። ቆንጥራ ምግብ ብትበትን ጣቶቹ ያዙት፤ አፎቹም ዋጡት። አርባ ስምንት ዓመት ስትኖር እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

የወደደ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። የኮራሏ ቡናማነት ይከነክናት ጀመር። ልብስ ፀሐይ ሲመታው እንደሚነጣ ለበረኪና ማንም አያስተምራትም። ስለዚህ ኮራሏን ከታች አንሥታ መብራቱ አፍንጫ ሥር አስቀመጠቻት፤ መብራቱንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። በሁለት ሳምንት ኮራሏ ወተት መሰለች። በረኪና ጎረቤት ጠርታ አሳየች፤ አልበቃ ብሏት ሽማግሌው ጋ ደወለች። «ጋሼ፣ መጥተው ይዩልኝ፤ እንዴት እንደጠራች!»

ሽማግሌው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ይሄ ጥራት አይደለም። በሥጋዋ አልፈሽ የምታዪው አጥንቷን ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቡናማው ቀለም ሥጋዋ ውስጥ የሚኖሩ፣ ለዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። ከብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚያበሏት እነሱ ነበሩ። ብርሃኑ ሲበዛባት አስወጣቻቸው። አሁን ተርባለች።»

«ሞተች?»

«ገና ናት። ግን የላይኛው ግማሿ የሚተርፍ አይመስለኝም።»

በረኪና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። በገዛ እጇ፣ ያውም በምትኮራበት ሙያ! ሽማግሌው ኮራሏን ወደ ጥላው መለሷት፤ መብራቱንም ቀነሱ። «ትንሽ ትንሽ መግቢያት፣ ውሃዋን ጠብቂላት። ከዚያ ወዲያ እጅሽን ሰብስቢ።»

እጅ መሰብሰብ ለበረኪና ከሁሉም የከፋ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የላይኛው ግማሽ ሥጋው ረግፎ ባዶ አጥንት ቀረ። ያን ዕለት አለቀሰች። ያቺ ስትስቅባት የነበረችው ልጇ የውሃውን ጨው ለካችላት፤ ከዚያም በኋላ በየጠዋቱ መለካቱን ቀጠለች።

ሁለት ወር ሲሞላ፣ የታችኛው ግማሽ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከያዘ ከቀናት በኋላ፣ በረኪና በማለዳ ጎንበስ ብላ ቀረች። ሕያው ከሙት በሚለይበት መስመር ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ጫፉ ላይ አንዲት አዲስ አፍ ተከፍታለች። ከመርፌ ቀዳዳ ታንሳለች።

«እማ፣ ሰዓት ሄደብሽ እኮ» አለች ልጇ ቦርሳዋን አንግባ።

በረኪና ዞር ብላ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ እይ። የሞተ አጥንቷን መልሳ እየለበሰችው ነው።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎንበስ አለች፤ ቶሎም ቀና አላለች። የዚያን ዕለት ሁለቱም ሥራ አረፈዱ።