ቦይለሩን የፈታንባቸው እሁዶች

ልጄ አረብ አገር ከገባች ወዲህ የምትደውልልኝ እሁድ እሁድ፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ ነው። «ደኅና ነሽ እማዬ?» ትለኛለች። «ደኅና ነኝ፣ አንቺስ?» «እኔም ደኅና።» እሷ የሆነባትን አትነግረኝም፣ እኔም የሆነብኝን አልነግራትም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይዘጋና እስከሚቀጥለው እሁድ ያችኑ ድምጿን እንደ ላም እያመነዠክሁ እቆያለሁ።

አንድ እሁድ ወሬ ቢጠፋኝ የቦይለሩን ነገር አነሳሁባት። እዚህ ላሊበላ ከቤቴ ጀርባ ለተሳላሚ የማከራያት አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ቦይለሩ የእሷ ውሃ ማሞቂያ ነው። በዚያ ሰሞን ያረፈው እንግዳ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ ደርሶ መጥቶ ልታጠብ ቢል፣ ውሃው ለብ ከማለት አላልፍ ብሎታል። ቦይለሩ ደግሞ ሲበራ እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል።

«ብረቱ ኖራ ለብሶ ነው» አለች ወዲያው። «ውሃውን የሚያሞቀው ብረት። እዚህ የማወልቀው እኔ ነኝ።»

«አንቺ? መብራት ነክተሽ?» አምፖል ስቀይር እንኳ ዐይኗን ትጨፍን የነበረች ልጅ ናት።

«አጥፍቼ ነዋ! አንቺም መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ አጥፊው። ከዚያ ውሃውን ዝጊና ያለውን በሙሉ አፍስሽው።»

ያን ቀን ግማሽ ሰዓት አወራን። ሽፋኑን እንዴት እንደማነሳ፣ የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ እንዳይጠፋኝ ክር እንዳስርበት፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት አስደገመችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ብረቱን አጥብቀው የያዙትን አራት ዳዶዎች ልፈታ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አራቱንም ዓርብ ዕለት ፈትቼ ጨርሻለሁ። ስትደውል ግን «አንዷ አልታይ አለችኝ» አልኋት።

«ከታች በኩል ናት፣ በእጅሽ ዳብሺ።»

«እየዳበስሁ ነው።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምዳብሰው! እኔ ዳዶዋን ስፈልግ እሷ ዝም ማለት አልሆነላትም። የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ እንደሆነ፣ የቤቱ አሮጊት ጸጉራቸውን እሷ ካላበጠረችላቸው እንደሚያለቅሱ፣ ያን ቀን ሰማሁ። ውሸቴን አልወደድኋትም፤ ግን አልተውኋትም።

ብረቱ ሲወጣ ነጭ ቅርፊት ውጦታል። «በኮምጣጤ ዘፍዝፊው» ብትለኝ፣ ኮምጣጤ ከየት? ከሊጥ ላይ የሚቀዳውን እርሾ አጠራቅሜ ባልዲ ውስጥ እነክረዋለሁ አልኋት።

«በእርሾ? ልትጋግሪው ነው?» ብላ ሳቀች። ከሄደች ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። «ብቻ ቢላ እንዳታስነኪው!»

ቅርፊቱ አረፋ እየደፈቀ በሁለተኛው ቀን ላላ፤ የቀረውን በእንጨት ስንጥር ፋቅሁት። ውሃ እንዳያንጠባጥብ የሚያደርገውን ጎማ አስተካክዬ ብረቱን መልሼ ገጠምሁ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ከዚያ አበራሁ።

እሁድ ሲደርስ ከቧንቧው እጅ የሚፋጅ ውሃ ይወርዳል። ስልኩ ሲጮኽ፣ አሁንም አልሞቀም ልላት አስቤ ነበር። ከሞቀማ የምናወራው ምን ሊቀረን ነው?

«እህስ፣ እንዴት ሆነ?»

«ሞቀ» አልሁ። አፌ መዋሸቱን እንቢ አለኝ።

«እሰይ! በቃ፣ ጨረስን።»

ልትሰናበተኝ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁና ቀደምኋት።

«ልጄ፣ በጣም ናፍቀሽኛል። የቦይለሩ ነገር ግድ ኖሮኝ አይደለም።»

ከወዲያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ቆይ እማዬ» አለች፣ «ልቀመጥ።»