ምስክሬን በስሙ የጠራሁበት ቪዲዮ

ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ለዚህ ይሆናል የተጻፈ ነገር ሁሉ ያድናል ብዬ የማምነው። የተቀረጸማ የበለጠ ያድናል ብዬ ነበር። ሞኝነቴን አልደብቅም፤ መደበቅ የነበረብኝን ሳልደብቅ አሁን ምን ያደርግልኛል?

ከቴፒ ወጣ ብሎ ካለው የጫካ ቡናችን አጠገብ አንድ ባለሀብት መሬት ያዘ። ጠባቂዎቹ የድንበር ዛፎቻችንን ቆርጠው አጥራቸውን ወደኛ ገፉት። አቤት ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ሚዛን ከተማ ኮምፒውተር የተማረች የእህቴ ልጅ አለች፤ ስናገር ቀርጻ ሁሉም ሰው በስልኩ የሚያየው ቦታ ለጠፈችልኝ። በሁለተኛው ቀን ቪዲዮው ጠፋ። የባለሀብቱ ሰዎች ተሰባስበው «ሐሰት ነው» ብለው አመልክተው አስነሱት።

ልጅቷ እልኸኛ ናት፤ በኔ ወጥታለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና የራሳቸውን የቪዲዮ ቦታ ሠሩ።

«እዚህ የወጣ አይጠፋም፣ አጎቴ» አለችኝ። «በየአገሩ በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተበትኖ ነው የሚቀመጠው። ባለሥልጣን ቢቆጣ፣ ባለሀብት ቢከፍል፣ ማንም አያጠፋውም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልችልም። ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

ደስ አለኝ። ያየው ሰው ደግሞ ጉርሻ ይልካል፤ በባንክ ሳይሆን ክሪፕቶ በሚሉት በማይጨበጥ ገንዘብ። ጉርሻ የበዛለት ቪዲዮ ከሌሎቹ በላይ ይወጣል።

ፊቴን አደብዝዛ፣ ድምፄን ለውጣ ቀረጸችኝ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ዘሎ ነገሩ ውስጥ አይገባም። የማን ልጅ፣ የየትኛው ወንዝ ሰው እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ምስክሩን በስሙ ይጠራል። ምስክሩን ያልጠራ ሰው ንግግሩ የውሻ ጩኸት ነው። እኔም ስልኩ ፊት እንደ ሸንጎ ቆሜ በቋንቋችን፣ በሸኮ ጀመርኩ። አባቴን ጠራሁ። ዛፎቹ ሲቆረጡ ቆሞ ያየውን ጎረቤቴን ደግሞ ከነአባቱ፣ ከነወንዙ ጠራሁት። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞርኩ።

የእህቴ ልጅ ያደገችው ከተማ ነው፤ አባቷ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነበር። የእናቷን ቋንቋ አትሰማም። አማርኛውን ስም እንዳይኖርበት ደጋግማ አጣርታ ለቀቀችው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቡና ስለቅም ጎረቤቴ መጣ። ሰላምታ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልኩህ?»

ከጠባቂዎቹ አንዱ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ቋንቋችንን ይሰማል። ሁለት ሆነው በሞተር ጎረቤቴ ቤት ሄደው ሚስቱን «ባልሽ ዓይኑ ጥሩ ነው አሉ፤ ሩቅ ያያል» ብለዋታል። ይኸው ነው፣ ሌላ አላሉም። ቪዲዮው ላይ ስሙን ስጠራ ሰምተዋል ማለት ነው።

የዚያኑ ቀን ሚዛን ገባሁ። ነገሩን ስነግራት የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«መጀመሪያ ያልከውን ምርቃት ነው ብዬ… አጎቴ፣ ምርቃት መስሎኝ ነው!»

«አጥፊዋ!»

«አይጠፋም።»

«የሠራሽው አንቺ አይደለሽም?»

«የሠራሁት እንዳይጠፋ ነው።»

ስልኳን አሳየችኝ። እኛ ስንጨቃጨቅ እንኳ ጉርሻ ይገባል። የማያውቁኝ ሰዎች «ምስኪን ሽማግሌ» እያሉ ይልካሉ፤ በላኩ ቁጥር ቪዲዮው ወደ ላይ ይወጣል፤ የጎረቤቴም ስም አብሮ ይወጣል። ያዘኑልኝ ሰዎች ናቸው ጎረቤቴን አጋልጠው የሚሰጡት። ጉርሻውን ዝጊው አልኳት፤ የሚዘጋ በር አላደረጉለትም። «እባካችሁ አታጋሩት» ብላ ከሥሩ ብትጽፍ ጊዜ «ምን ቢኖርበት ነው?» ብሎ የሚያየው ሰው በዛ።

ልትሸኘኝ ወጥታ መንገድ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ያ ገንዘብ የሄደበት መንገድ ለሚያውቅበት ሁሉ የሚታይ ነው አለችኝ። ጉርሻውን ወደ ብር የመነዘረላትን ነጋዴ የማታውቃቸው ሰዎች «ማን ናት?» ብለው ጠይቀውታል። አንዱ ጓደኛዋ ስልኩን ዘግቶ ከከተማ ወጥቷል። «ማንም የማይዘጋው ነው ብለን…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

ጎረቤቴ ሚስቱንና ልጆቹን ማሻ ከተማ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ሰደዳቸው። እሱ ቀረ፤ የቀላ ቡና ሰው አይጠብቅም። ብቻውን እንዳይሆን አንድ ቀን የኔን፣ አንድ ቀን የሱን አብረን እንለቅማለን። ሞተር በተሰማ ቁጥር እጃችን ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል።

«የአባቴን ስም ደግሞ እንዴት አሳምረህ ጠራኸው!» ይለኛል አንዳንዴ። እስቃለሁ።

ትናንት ሞተሩ አላለፈም። አጥሩ ጋ ሳያጠፉት ቆሙ። አንዱ ጎረቤቴን ጮኾ ጠራው፤ ልክ እኔ እንደጠራሁት፣ ከነአባቱ፣ ከነወንዙ። ጎረቤቴ ቅርጫቱን ይዞ ቡናው ሥር ተቀመጠ። እኔ ወደ አጥሩ ወጣሁ።

«አቤት! እኔ ነኝ» አልኩ በሱ ፈንታ።

ጥቂት አዩኝ፤ ሞተሩን አዙረው ሄዱ። ሁለታችንን የሚለየው የሰፈራችን ሰው አብሯቸው ይኑር አይኑር አላየሁም። ኮፍያቸው ፊታቸውን ሸፍኖት ነበር።

ጎረቤቴ ከቡናው ሥር ተነሳ። አፈሩን ከሱሪው አራገፈ።

«ይሄንንም ቀርጸውት ይሆናል» አለ።

አልሳቀም።